ጠመኔው ያረፈበት መደብ

ለዳግማይ ትንሣኤ የግቢያችን ሰዎች በሬ ጥለው ነበርና የጥበቃው ሰውዬ ድርሻችንን በጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ አምጥቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘፍ አድርጎት ሄደ። ፌስታሉ ከታች ተቀዶ ኖሮ ቀይ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ የሜላትን የሒሳብ ደብተር ጥግ አራሰው፤ ያ ለብ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል፣ ከፈርስና ከእርጥብ ቅጠል ጋር የተለወሰ የትኩስ ሥጋ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ኤጭ! አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠርዝ ይዤ መስኮቱን በረገድኩት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ሽታውን ይዞልኝ እንደመሄድ እኔኑ አንዘፈዘፈኝ።

ሜላት የእህቴ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ነች፣ ለትምህርቷ ስትል እኔ ዘንድ ትኖራለች፣ ቅርጫ የምገባውም ለእሷ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ሥጋ በአፌ ከዞረ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅቷ ደሙ የነካውን ደብተር በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችና ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ሥራዋን ቀጠለች። ጥያቄው በአንድ ከረጢት ውስጥ ሦስት ቀይና ዘጠኝ ሰማያዊ ኳሶች ቢኖሩ፣ ሳናይ አንድ ብናወጣ ቀይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው የሚል፣ ዓይን ጨፍነው የሚሠሩት ነገር ነው። እሷ ግን ፎቶ አነሳችው። ስልኩም ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት፣ ደረጃ ሦስት እያለ ዘረገፈላት፣ እሷም ያንን ያላሰበችውን ሐሳብ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ ቁጭ ብላ ገለበጠችው።

«ማረጋገጫው የት አለ?» አልኳት።

«የምን ማረጋገጫ? አክስቴ ደግሞ! ስልኩ ይሳሳታል እንዴ?»

አንገሸገሸኝ። የቱ እንዳንገሸገሸኝ ግን መለየት አልቻልኩም። ሥጋው ነው እንዳልል ሥጋውን ለምጄዋለሁ፤ ልጅቷ ናት እንዳልል ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ሳስተምር ኩረጃ አይቼ የማላውቅ አይደለሁም። ያቅለሸለሸኝ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው መቀመጣቸው ነው፤ የቅርጫ ሥጋና የዕድል ሒሳብ። ሁለቱን አንድ ላይ ካየሁ እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ አልቆይም፣ ሳልወድ በግዴ አንኮበር ነኝ።

እዚያ ስምንተኛ ክፍል ስንማር የክፍላችን መስኮት መስታወት አልነበረውም፤ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር የሚነሣው ጉም ማንንም ሳያስፈቅድ ሽቅብ ወጥቶ በመስኮቱ ይገባና ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ከፊት ላለው ግማሽ ሰዓት ያህል አይታይም ነበር። የሁላችንም ልብስ እርጥብ ሱፍ እርጥብ ሱፍ ይሸታል፤ ከዚያ ላይ የበግ፣ የጭስና የኩበት ሽታ ሲጨመርበት አሁን ሳስበው አቤት እንዴት ብንከረፋ ነው እላለሁ፣ ያኔ ግን ማንም የማንንም አይሸትተውም ነበር። ጠመኔው ሳይቀር በጉሙ ይረጥብና ሰሌዳ ላይ አልጽፍ ብሎ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር አሰፋ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ፍሬ ጠመኔ በደረት ኪሱ ሸጉጦ በገላው ሙቀት እያደረቀ ይመጣ ነበር። ልጆች ዶሮ እንቁላል ታቀፈች እያሉ ያሙታል።

መምህር አሰፋ የሰላ ድንጋይ ከተማ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ነገር ግን ደረጃ የዘለለ ልጅ ሲያይ ፊቱ የሚጨፈገግ። ሒሳብን የሚጀምረው ከምናውቀው ነገር ነበር። ሦስት እኩል የሆኑ ስልቾች ገብስ አላችሁ ይላል፤ አምስት ቁና ብትጨምሩበት ሃያ ስድስት ቁና ሆነ፣ አንዱ ስልቻ ስንት ይይዛል? ከዚያ የስልቻውን ቦታ ኤክስ ብሎ ይጽፍና መሐል ላይ የእኩል ምልክቱን እንደ ሚዛን እጀታ አድርጎ ከዚህ ያነሣኸውን ከዚያም አንሣ፣ አለዚያ ሚዛኑ ይዘምማል ይለናል። ከግራም ከቀኝም አምስቱን እናነሣለን፣ ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል ሃያ አንድ። ሁለቱንም ወገን ለሦስት እናካፍላለን፣ ኤክስ ሰባት። እዚህ ላይ ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን እያራገፈ «አለቀ?» ይላል፣ እኛም ጣራው እስኪነሣ «አላለቀም!» እንላለን። ምክንያቱም ሰባቱን መልሰን ስልቻው ውስጥ መክተት አለብን፤ ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ፣ አምስት ሲጨመር ሃያ ስድስት፣ አሁን አለቀ። ይህቺን ማረጋገጫ ያልጻፈ ልጅ መልሱ ወርቅ ቢሆን እንኳ ግማሹን ነጥብ ያጣል። ያገኛችሁት ነገር ትክክል ከሆነ ወደ መነሻው ስትመልሱት አያፍርም፣ ይለን ነበር።

ከእኔ ጋር አንድ ወንበር የምትጋራው ዘይነባ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። ሳምንቱን አክስቷ ቤት አንኮበር ትቆይና ዓርብ ከሰዓት ያንን ቁልቁለት ወርዳ እሑድ መልሳ ትወጣዋለች። ጭንቅላቷ የተለየ ነበር፤ እኔ ገና ጥያቄውን ስገለብጥ እሷ መልሱን ጽፋ ጨርሳ መስኮቱን ታያለች። መምህር አሰፋ ደብተሯ ላይ ቆሞ «ደረጃው የት አለ፣ ልጄ?» ሲላት ፈገግ ብላ «ውስጤ ነው መምህር፣ ቦታ እንዳልፈጅ ብዬ ነው» ትለዋለች፤ እሱም ሳቁን እየዋጠ ነጥቧን ይቀንሳል። አንድ ሴሚስተር እኔ አንደኛ እሷ ሁለተኛ፣ በሌላው እሷ አንደኛ እኔ ሁለተኛ እየሆንን ስምንተኛ ደረስን። አንዲቷን ላጲስ በጥርስ ለሁለት ከፍለን ነበር የምንጠቀመው።

ታዲያ በዚያ ዓመት መጀመሪያ አንድ ወሬ መጣ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከኛ ትምህርት ቤት አንዲት ሴት ልጅ ሊቀበል ነው፤ ምግብ፣ መኝታ፣ መጻሕፍት፣ ሁሉም ነገር። አንዲት ብቻ። ያቺን አንዲት የሚልከው ደግሞ ዲሬክተራችን ነው። ለማያውቅ ሰው ነገሩን ግልጽ ላድርገው፤ እኔም ዘይነባም ያንን ቦታ ካላገኘን ስምንተኛ ክፍል የመጨረሻችን ነበር። እኔ ለባል ተጠይቄያለሁ፤ የእሷም አባት ከዚህ በኋላ ሱቅ ትቀመጣለች ብሎ ቆርጧል።

አሁን ስለ አባቴ ላውራ፣ ስለ እሱ ሳላወራ የሥጋው ነገር አይገባችሁም። አባቴ ገበሬ ነው፤ በሰፈራችን የሚታወቀው ግን በዕጣ ጣይነቱ ነበር። በዓል ሲደርስ አሥራ ሁለት አባወራ ገንዘቡን አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛና ከግቢያችን በታች ባለው ሜዳ ይጣላል። ሥጋው በቅጠል ላይ በአሥራ ሁለት መደብ ይመደባል፤ ከታላቁ ብልት ለየመደቡ፣ ከጎድኑ ለየመደቡ፣ ከጨጓራው ለየመደቡ። ዝንቡ፣ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ የሚራኮተው ውሻ፣ ቢላውን ምላሱ ላይ ጠረግ እያደረገ ጥሬ የሚጎርሰው አራጅ፣ ደም የነካው እጁን በጋቢው የሚያብሰው ሽማግሌ፣ ፈርሱ ክምር ላይ የሚዘሉት ልጆች፤ ያኔ ደስታ ነበር፣ ዛሬ ሳስበው ያንገፈግፈኛል። መደቦቹ እኩል ናቸው ይባላል። ዓይን ያለው ሁሉ ግን አንዷ መደብ ከሌሎቹ እንደምትበልጥ ያውቃል፤ ከሻኛው ተርፎ ለአሥራ ሁለት የማይከፈለው ቁራጭ ከአንዷ ላይ ያርፋልና።

ለዚህ ነው ዕጣ የሚጣለው። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት፣ እንጨት፣ ጠጠር፣ ቁልፍ፣ የባቄላ ፍሬ፣ የፈለገውን ይሰጣል። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ምልክቱን ተቀብለው የማን ምን እንደሆነ በቃላቸው ይዘው ባርኔጣ ውስጥ ይከታሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ ከበጎቹ በረት ጀርባ፣ ከማያይበትና ከማይሰማበት ይቆማል። ሲጠራ ይመጣል፣ ሰማይ ሰማይ እያየ እጁን ባርኔጣው ውስጥ ይሰዳል፣ በየመደቡ ላይ አንዳንድ እያሳረፈ ያልፋል። ከዚያ ጋሽ ደምሴ «ጠጠር የእገሌ፣ እንጨት የእገሌ» እያሉ ይጠራሉ። ሥራው ይኸው ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚሠራው ሰው በሰፈሩ የሚታመን ሰው ነው፣ ከአባቴ በፊትም አባቱ ነበር የሚጥለው። እኔም የዕጣ ጣዩ ልጅ መሆኔ ደረቴን ያስነፋኝ ነበር፣ ምን ይደረግ፣ ሞኝ ነበርኩ።

ዲሬክተራችን ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነው፣ ሚስቱን ይዞ ትምህርት ቤቱ ጥግ ያለው ቤት ስለሚኖር በዚያ ዓመት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሆኖ ቅርጫችን ገባ። ደም ሲያይ ስለሚያዞረው ይሁን ስለሚኮራ ሜዳው ላይ አይመጣም፤ ምልክቱን በእኔ እጅ ይልካል። ምልክቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ቁራጭ ጠመኔ። ለመስቀል ትልቋ መደብ ለጠመኔው ደረሰች። ለገና ደረሰች። ለፋሲካም ደረሰች። ሰዉ «የመንግሥት ሰው ዕድሉም የመንግሥት ነው» እያለ ስቆ አለፈው፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከፋሲካ በኋላ መምህር አሰፋ ብዙ አስተማሪ የማይደርስበትን የመጽሐፉን መጨረሻ ምዕራፍ ጀመረልን፣ ፕሮባብሊቲ። ቀላል ነው አለን፤ የምትፈልጉትን ከላይ፣ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ከታች። ነገሩ ተከታትሎ ከመጣ ታባዛላችሁ። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠን፣ ከየሰፈራችን የዕጣ ጥያቄ ፈጥረን ደረጃ በደረጃ ሠርተን እንድናመጣ። እኔ ከቅርጫ ሌላ ምን ዕጣ አውቃለሁ? ጻፍኩ። አሥራ ሁለት መደብ አለ፤ ትልቋ ለአንድ ቤት የመድረስ ዕድሏ ከአሥራ ሁለት አንድ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከመቶ አርባ አራት አንድ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ስምንት አንድ። ቁጥሩን ጽፌ ስጨርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። በደስታ እየቆጠርኩ ቆይቼ የቆጠርኩት ምን እንደሆነ ያኔ ገና አየሁ። እጄ ላይ ደም የነካኝ ይመስል ጣቶቼን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ።

መምህር አሰፋ ደብተሬን አንሥቶ ብዙ ቆየበት። «ወይንሸት፣ የፈጠርሽው ነው ወይስ የሆነ?» አለኝ። የፈጠርኩት ነው አልኩ። ከዚያ ስህተቴን አሳየኝ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለአንዱ ቤት መድረሱ አይቀርም፣ ለማንም ቢደርስ አይገርምም፣ የሚገርመው ሁለተኛውና ሦስተኛው እዚያው ቤት መመለሱ ነው፤ ስለዚህ ከመቶ አርባ አራት አንድ እንጂ ከሺህ ምናምን አይደለም። በቀይ አስተካከለው፣ ነጥቤን ቀነሰ። እግዜር ይስጠው፣ በዚያች ቅጽበት እንደዚያ ቀይ መስመር ያስደሰተኝ ነገር የለም። ከመቶ አርባ አራት አንዱማ ይሆናል! በዓሉ ስንት ነው፣ ሰፈሩ ስንት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ መድረሱ አይቀርም፣ አባቴ ንጹሕ ሰው ነው። ነገር ግን መምህሩ ከመልሱ ሥር በትናንሽ ፊደል አንድ ነገር ጽፎበት ነበር፣ «ማረጋገጫ የለውም»።

አዎ፣ አልነበረውም። እንቅልፍ ነሣኝ። አባቴ ማታ ማታ እጁን ሲታጠብ ጣቶቹን አያለሁ፣ እንጀራ ሲቆርስልኝ ጣቶቹን አያለሁ። ጠመኔ ሲነኩት ከጠጠርም ከእንጨትም የተለየ ነው፤ የለሰለሰ፣ ደረቅ፣ ቅልል ያለ ነው፣ ዓይን የጨፈነ ሰው ባርኔጣ ውስጥ ለይቶ በአውራ ጣቱ ሥር ሊይዘው ይችላል። ይህን ሐሳብ እያሰብኩ የአባቴን ጉርሻ መዋጥ አቃተኝ፣ በሽታ ነው ብለው ዳማከሴ አጠጡኝ።

የሰኔ ጾም ሊገባ ለቅበላው በሬ ተጣለ። ዲሬክተሩ እንደ ልማዱ ጠመኔውን ሰጠኝ። እኔም መንገድ ላይ ወሰንኩ። ሜዳው ላይ ስደርስ ጋሽ ደምሴን «ዛሬ ተለዋውጠናል፣ ጠመኔው የእኛ ነው፣ ቁልፉ የዲሬክተሩ ነው» አልኳቸውና የቤታችን ምልክት የሆነውን የእናቴን የቀሚስ ቁልፍ ለዲሬክተሩ፣ ጠመኔውን ለቤታችን አስገባሁ። አባቴ ከበረቱ ጀርባ ነው፣ አልሰማም። ንጹሕ ከሆነ ምንም አይሆንም፤ ከአሥራ ሁለት አሥራ አንዱ ከእኔ ጋር ነው፤ በእግዜር፣ በእመቤቴ፣ ጠጠር ይውጣ፣ እንጨት ይውጣ፣ ባቄላ ይውጣ እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

አባቴ መጣ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ አለፈ፣ አሳረፈ፣ አለፈ። ጠመኔው ትልቋ መደብ ላይ፣ ጮማው ላይ፣ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

ጋሽ ደምሴ ሲጠሩ «ጠመኔ፣ የዕጣ ጣዩ ቤት» አሉ። አንዱ ከኋላ «ዛሬስ ለራሱ ደረሰው» ብሎ አጉረመረመ። አባቴ መጀመሪያ መደቧን አየ፣ ቀጥሎ ጋሽ ደምሴን፣ ቀጥሎ እኔን። ይህን ያህል ከተጋለጠ ሽማግሌዎቹ እዚያው ይቀጡታል፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ነገሩም ያልቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ያችን መደብ ከነቅጠሏ አነሣና «ዕጣ ጣይ ትልቁን ሲወስድ አያምርም፣ እኔ የእንግዳውን እወስዳለሁ፣ ይቺ ለእንግዳው ትሁን» አለ። ለዲሬክተሩ ማለቱ ነው። ሰዉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። «አቤት ደግነት!» «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ያ ከኋላ ያጉረመረመው ሰውዬ ሳይቀር ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። እኔ ከበረቱ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ። ሐሰቱን ላጋልጥ የሠራሁት ማረጋገጫ ሐሰቱን መረቀው። እስከ ዛሬ ከዚያ የባሰ አስቀያሚ ነገር አላየሁም፤ ያ ሁሉ ደም የነካው እጅ አባቴን ሲመርቅ።

በማግሥቱ እንስራው ሥር ቁጭ ብሎ እጁን በአመድ እያሸ ሳለ አለፍኩ። ቀና ሳይል «ደብረ ብርሃን መሄድ አትፈልጊም እንዴ?» አለኝ። ይኸው ነው። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ነገር ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔም እፈልግ ነበር።

ሰኔ ሳያልቅ ፈተና ተፈተንን፤ የማንፈልገው ነገር መጣ፣ እኔና ዘይነባ እኩል ወጣን። ዲሬክተሩ ሁለታችንንና መምህር አሰፋን ቢሮው ጠራን። ቢሮው ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር ሚስቱ የሰቀለችው ቋንጣ ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ክፍሉን ሞልቶታል። የማን ቋንጣ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ዘይነባ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈን አደረገች፤ የእሷ ቤት የኛን ሥጋ አይበላም፣ ቅርጫም አይገባም። አባቷ ቢፈልግ እንኳ ወደዚያ ባርኔጣ የሚከተው ምልክት አልነበረውም።

ዲሬክተሩ «ማንም እንዳይቀየመኝ በዕጣ ይሁን» አለ። ሁለቱን ወረቀት ቀድሞ ጽፎ አጣጥፎ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ከትቶት ኖሯል። ነቀነቀው፣ እጁን ሰደደ፣ አንዱን አወጣ፣ ገለጠ፣ «ወይንሸት» ብሎ አነበበ። መምህር አሰፋ «ሁለተኛይቱስ?» አለ በዚያ በዝግተኛ ድምፁ። ዲሬክተሩ «ምን ያደርጋል፣ የቀረው የማን እንደሆነ ይታወቅ የለ!» ብሎ ሁለተኛዋን ወረቀት ከካርቶኑ አውጥቶ በእጁ ጨምድዶ ኪሱ ከተታት።

መምህሩ ከዚያ በላይ አልተናገረም፣ እንጀራው በዲሬክተሩ እጅ ነው። ዞሮ እኔን አየኝ። ልክ ሰሌዳው ፊት ጠመኔውን አስቀምጦ አለቀ ብሎ ሲጠይቀን በሚያየን ዓይን አየኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጮኼዋለሁ። «ይገለጥ» ማለት ብቻ ነበር። የገዛ አባቴን በሜዳ ላይ፣ በሰው ፊት የፈተንኩ ልጅ ያችን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። አላቃተኝም፣ ልክ አይደለም፤ አልፈለግኩም። ወረቀቷ ስትገለጥ እሷም ላይ ወይንሸት ተብሎ ቢጻፍስ? እስካልተገለጠች ድረስ ከሁለት አንድ ናት፣ ንጹሕ ዕጣ ናት፣ ደብረ ብርሃንም የእኔ ናት። ዘይነባ እጄን ጨበጠችና «አላህ ያድርስሽ» አለችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ግማሹን ላጲሷን መልሼ ልስጣት ብዬ አስቤ ረሳሁት፣ ይዤው ሄድኩ።

የቀረው ረጅም አይደለም። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ገባሁ፣ ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን አረጀሁ። ስንት መቶ ልጅ ፊት ቆሜ አለቀ ብዬ ጠይቄ አላለቀም ተብዬ ተመልሶልኛል፣ ማረጋገጫ ባልጻፈ ልጅ ነጥብ ላይ ምሕረት አላደርግም ነበር፣ ጨካኝ ይሉኛል። መምህር አሰፋን ዳግም አላየሁትም፤ ላየው እችል ነበር፣ የተመለሰባት ሰላ ድንጋይ ሩቅ አይደለችም። ያ ጉም፣ ያ በሙቀት የደረቀ ጠመኔ፣ ያ በአንድ ድምፅ የምንጮኸው ነገር፣ ሁሉንም ሳስታውስ ከኋላው ያ የቋንጣ ሽታ ይመጣና ትዝታዬን ያበላሽብኛል። ሌላ ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ደስ ይለዋል አሉ። እኔ አፍንጫዬን እይዛለሁ።

ዘይነባን ከጥቂት ዓመት በፊት እዚህ ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ከቆላው በርበሬና ቅመም ታመጣለች፤ ወፍራለች፣ ጥርሷ አሁንም ያው ነው። አቅፋ ሳመችኝ፣ አገላብጣ ሳመችኝ። ያዘዝኩትን በርበሬ መዝና ሳትጨርስ ሒሳቡን ነገረችኝ፣ እኔ በስልኬ እየደመርኩ ነበር፣ ሳቀችብኝ። አቤት ያ ጭንቅላት፣ ጆንያ ሥር ተቀምጦ! «አንቺን ሳይ ኩራት ይሰማኛል» አለችኝ፣ «ከእኔ ቀምታ የሄደች ሳትሆን ለሁለታችን የተማረች ትመስለኛለች። ቀደር ነው ወይንዬ። ያን ቀን ዕጣው ላንቺ የወጣው አላህ ብሎልሽ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።» ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከአላህ ነው ብላ ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመችውን ነገር ምናልባት ከአንድ ሰውዬ ኪስ ነው ብዬ ልነግራት። ከዚያ በርበሬው አስነጠሰኝ አልኩና እንባዬን ጠርጌ ሄድኩ።

ሜላት ደብተሯን አጣጥፋ «ጨረስኩ» ብላ ሥጋውን ልትከትፍ ቢላ አነሣች። ከአሥራ ሁለት ሦስት፣ ሲቃለል ከአራት አንድ፤ ስልኩ አልተሳሳተም። ልቆጣት አሰብኩና ተውኩት፤ በምን አፌ? ዘይነባ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፣ እዚያችው ቦታ፣ ከሸማ ተራው ማዶ። እኔ በርበሬ የምገዛው ከሌላ ሰው ነው።